ሻጩ በአካል ይቅረቡ

ለቤት ስም ዝውውር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ስብሰባ ላይ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይም የሚፈርሙባትን ቀኝ እጅዎን ምንም ሳይነካዎት እንደከረሙ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ አሥራ ስምንት ዓመት በኪራይ ቤት የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአንድ ጡረተኛ አናጺ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለመግዛት ተስማምተን፣ የቀረን በእርስዎ ፊት መፈራረም ብቻ ነበር። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ሻጩን አባባን በሽታ አልጋ ላይ ጥሏቸው ስለነበር ሠራተኛዎ እቤታቸው መጥቶ እንዲያስፈርማቸው ብንለምን፣ «ሻጩ በአካል ይቅረቡ» በማለት ወጣ ብለው አየር እንዲያገኙ ስላሰቡላቸው እናመሰግናለን። እኔና ወንድሜ በወንበር ተሸክመን አራተኛ ፎቅ አወጣናቸው። ሊፍቱ ለኃላፊዎች ብቻ መሆኑን በሩ ላይ አንብበናል።

2ኛ. «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለን እስከ ቀትር ስንጠብቅ፣ በርዎ ገርበብ ሲል ወንበርዎ ላይ ኮትዎን አየሁት። እርስዎ ቢቀሩ እንኳ ኮትዎ የሥራ ሰዓት ማክበሩ አጽናንቶኛል።

3ኛ. በሳምንቱ ደግመን ስንሸከማቸው፣ መዝገብ ያዧ መታወቂያቸውን አገላብጣ «ፎቶው እርስዎን አይመስልም» አለቻቸው። አባባም «ልጄ፣ እኔም መስታወት ፊት ስቆም እሱን ነው የምፈልገው» አሏት። ሁሉም ሳቀ። ከዚያም አዲስ ፎቶ ይዘው ሰኞ እንዲመጡ ታዘዙ። ደረጃውን ስንወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አይዞሽ፣ ሳልፈርምልሽ አልሄድም» አሉኝ።

እሑድ ማለዳ አረፉ። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ፣ አባባ በዕድሜያቸው ቃላቸውን ያጠፉት ያን ቀን ብቻ ነው። ለዚህ ያበቃቸው የእርስዎ ትጋት ስለሆነ ውለታው አይረሳም።

ልጆቻቸው «እኛ ውል የሚባል አናውቅም» አሉ። እናትየው እጄን ይዘው «ሸጦላታል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብለው ቢሟገቱም፣ የእሳቸው ጆሮ ማኅተም የለውም ተባለ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተሸጠ፤ ስሙም በሁለት ቀን ተዛወረ። ጽሕፈት ቤትዎ ሲያሻው እንደሚሮጥ በዓይኔ በማየቴ ኮርቻለሁ።

ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁልዎ፣ ከአክብሮቴ በማያንስ ምሬት፣

ዛሬም በኪራይ ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ አባባ በተቀበሩ በአሥራ አንደኛው ቀን «በአምስት ቀን ውስጥ በአካል ካልቀረቡ ፋይልዎ ይዘጋል» የሚል፣ ፊርማዎ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ደብዳቤ በስማቸው ደርሷል። ባለቤታቸው ዓይናቸው ስለደከመ እኔ አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ፊርማዎን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና፣ «ለካ መፈረም ይችላሉ» አሉ።