ከአባባ ኋላ የምትሄደው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ እኛ ካንተ ናፍቆትና ከምመራው የአካባቢው ቼዝ ማኅበር ጣጣ በቀር ደኅና ነን።

ለቅዳሜው ውድድር በጎ ፈቃደኛ ፍለጋ ያላንኳኳሁት በር የለም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ «እኔ ቼዝ የት አውቄ!» ብላ ሳቀችብኝ።

«ሥራሽ አባባ ጠጠሮቹን ሲደረድር ከኋላው መከተል ነው» አልኳት። «ነጯ ንግሥት ነጭ ላይ፣ ጥቁሯ ጥቁር ላይ ትቁም። ተሳስቶ ካየሽ አስተካክይ፤ ብቻ እንዳያይሽ።»

ሳቋን ትታ እሺ አለችኝ።

የተወዳዳሪዎቹንም ስም አባባ ራሱ ጻፈ፤ የእጅ ጽሑፉ ዛሬም ያምራል። «ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች» በሚለው ስር መጀመሪያ የሰፈረው ያንተ ስም ነው። አልሰረዝኩትም።

ልጆችህን ሳምልኝ። ያንተ ወንበር ላይ ግን ቅዳሜ ማንንም አላስቀምጥም።

እህትህ