ለመታመም ሰዓት ያልሞላላት ሴት

ለክቡር የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ በቅርቡ ይዞዎት ከነበረው ጉንፋን ድነው ወደ ሥራዎ እንደ ተመለሱ በመስማቴ የተሰማኝን ደስታ ልገልጽልዎ እወዳለሁ። አልጋዎ ላይ ጋደም ብለው፣ ሙሉ ደመወዝዎ ሳይነካ፣ ደህና አድርገው ማገገምዎ ለእኛ ለዝቅተኛ ሠራተኞች ትልቅ ትምህርት ነው። ሕመም በአግባቡ ከተያዘ እንደሚድን በእርስዎ አየን። እኛ ጋ ግን ነገሩ ትንሽ ለየት ብሎ ስለ ሄደ፣ ጊዜዎን እየተሻማሁ እንደሚከተለው እጽፋለሁ።

እኔ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የማጸዳና ምግብ የማድል ሴት ነኝ። የጠዋቱ ፈረቃ የእኔ ነው፤ የከሰዓቱ የባልደረባዬ። ባልደረባዬን ሁሉም «ፉጨት» ይላታል። ወለል ስትወለውል፣ አንሶላ ስትቀይር፣ የምግብ ጋሪ ስትገፋ ታፏጫለችና። ጆሯቸው የደከመ አዛውንቶች ሳይቀሩ እራት መድረሱን የሚያውቁት በእሷ ፉጨት ነበር።

አንደኛ፣ ስለ ልኬታችሁ አመሰግናለሁ። ይህ የሁለታችን ሥራ ቀድሞ የአንዲት ሴትዮ ሥራ ነበር። እሷ ጡረታ ስትወጣ የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሥራውን እንደ ዳቦ ለሁለት ገመሰና አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለፉጨት ሰጠን። ለሁለት ቤተሰብ አሰበ ብለን መረቅነው። ኋላ ነው የገባን። መሥሪያ ቤትዎ የሕመም ክፍያ ለማግኘት በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል ብሎ ደንግጓል፤ የእኛ ግማሽ ሥራ ደግሞ ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ዝቅ እንዲል ተደርጎ የተቆረጠ ነበር። ከዚያ በታች የሚሠራ ሰው አይታመምም ብላችሁ ገምታችሁ ይሆናል። ግምቱ ያስከብረናል። እንዲህ ያለ ብርቱ ሰውነት እንዳለን እኛ ራሳችን አናውቅም ነበር።

ብርዱ በጠናበት ሰሞን ፉጨት የተሰጣትን ክብር መጠበቅ አቅቷት ታመመች። ለሥራ አስኪያጁ ደውላ አንድ ሁለት ቀን ልረፍ ብትለው፣ ሰውየው ክፉ አይደለምና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ማረፍማ ትችያለሽ፣ እህቴ፤ ማን ይከለክልሻል? ብቻ ያልሠራሽበት አይከፈልም። ደንቡ የእኔ አይደለም» አላት። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ጀርባውን ከተጎዳ ወዲህ ከአልጋ የሚነሳው በሰው ድጋፍ ነው። ሁለት ሴት ልጆቿ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ፈረቃዋ ሲደርስ መጣች።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተገናኘን። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግንባሯን ብነካው ያቃጥላል።

«አንቺ ሴት፣ እሳት ሆነሻል እኮ! ተመለሺ፣ ቤትሽ ግቢ» አልኳት።

«ልግባና ምን ላድርግ? ባሌ አልጋ ላይ፣ እኔም አልጋ ላይ፤ ልጆቹ አልጋውን ይብሉት?» አለችና ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረባትና ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

እኔም ሮጬ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩና የእሷን ፈረቃ ደርቤ ልሥራ፣ ክፍያው ለእሷ ይሁን ብዬ ለመንኩ። ክቡርነትዎ፣ ሰውየው እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። «እሱማ አይሆንም! ሰዓትሽ ይሞላል!» አለኝ፤ ቤቱ በእሳት ተያይዟል የተባለ ይመስል። ሰዓቴ ከሞላ እኔም አንድ ቀን የመታመም መብት ሊኖረኝ ነው። እንዲህ ያለውን አደጋ በጊዜ ስላስቀረልን እሱንም እርስዎንም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ በየፎቁ ስለላካችሁልን ባለቀለም ማስታወቂያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ብርድ ልብስ ተከናንባ ትኩስ ነገር የምትጠጣ፣ ጥርሷ የሚያምር ሴት አለችበት። ከሥሩም «ሕመም ከተሰማዎ ቤትዎ ይቆዩ፤ ለሌሎች ያስቡ» ይላል። ፉጨት አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ትኩሳቷን ይዛ፣ የዚያን ማስታወቂያ መስታወት በየቀኑ ትወለውለው ነበር። ሴትዮዋ አንድም ቀን አቧራ አልነካትም።

ጥጉ ክፍል ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ይኖሩ ነበር። እኛ «ጋሼ ሾፌሩ» እንላቸዋለን። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁርሳቸውን እኔ፣ እራታቸውን ፉጨት እናጎርሳቸዋለን። በዚያ ሳምንት ፉጨት ሾርባቸውን ይዛ ስትገባ ስትንገዳገድ አዩና ከወንበራቸው ለመነሳት መታገል ጀመሩ። ይህን የሰማሁት ከራሳቸው ነው፤ በነጋታው ቁርስ ላይ እየተኩራሩ አወሩልኝ።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ። እኔ በዕድሜዬ የቆመ ተሳፋሪ ጭኜ ነድቼ አላውቅም» ይሏታል።

«ጋሼ፣ ገና ስንት ክፍል አለብኝ።»

«ቁጭ በይ ብያለሁ! አለዚያ ሞተሩን አጠፋለሁ።»

የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ማንኪያውን ብቻ ወደ እሳቸው እየዘረጋች አበላቻቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ጋሼ ሾፌሩ ማሳል ጀመሩ። ከዚያ የፊት ለፊቷ እማማ፣ ከዚያ የፎቁ እኩሌታ። የቀሩት ዳኑ። ጋሼ ግን ሆስፒታል ገብተው አልተመለሱም።

ፉጨት ፉጨቷን አቆመች። እኔ ሳንባዋ እስኪጠና ነው ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን የእጅ ጓንቷን እያወለቀች፣ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። ሌላ የምለው ቢኖረኝ ኖሮ እለው ነበር፣ ክቡርነትዎ፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤትዎ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ያዘጋጀው ማስታወቂያ አላገኘሁም።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ የጋሼ ልጅ ልብሳቸውን ልትሰበስብ መጣች። ፉጨት ገና ከደረጃው ስታያት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ልጅቷ የያዘችውን ሻንጣ ሳትከፍት ወደ እኔ መጥታ፣ «አባዬን እራት ታበላው የነበረችው የታለች?» ስትል ጠየቀችኝ። ፈረቃዋ አይደለም ብዬ ዋሸሁ። ወዲያው ከበሩ ጀርባ ሳል ተሰማ።

ልጅቷ በሩን ከፈተችው። ፉጨት በአንሶላ ክምር መካከል ቆማ ታለቅሳለች። «ይቅር በይኝ፣ እናቴ። እያመመኝ ነው የገባሁት። እኔ ነኝ ያስያዝኳቸው» አለቻት። እኔ ጥፊ ይመጣል ብዬ በመካከላቸው ልገባ ስል፣ ልጅቷ የቆሻሻ ልብሱ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች። «እኔ ከመምጣቴ በፊት ያስለው ነበር ወይ? ያን ሳምንት እያተኮሰኝ ነው የመጣሁት። ጠዋት ጫማ መደብር ውስጥ እሸጣለሁ፣ ከሰዓት ሌላ ቦታ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ሁለቱም ግማሽ ናቸው፣ ሁለቱም ሲያመኝ አይከፍሉም። ከሥራ በቀጥታ መጥቼ ሳምኩት። ሁለት ጊዜ ነው የሳምኩት።»

«የለም፣ እኔ ነኝ» አለች ፉጨት።

«ኧረ እኔ ነኝ። አንቺማ ፊትሽን ታዞሪ ነበር፤ እሱ ራሱ ነግሮኛል።»

ክቡርነትዎ፣ ሰዎች ጥፋትን እንዲህ ሲሻሙት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ በሩን ዘግቼ ከውጭ ቆምኩ፤ ማንም እንዳይገባ።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዷችሁ። ሦስታችን ሆነን ቢሮዎ መጣን። በመሥሪያ ቤትዎ ጥፋትን የሚሻማ አላጋጠመንም። አንደኛው መስኮት ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ፎቅ፣ ፎቁ መልሶ ወደ አንደኛው መስኮት በትሕትና ሸኙን። የጋሼ ልጅ፣ ሁለት ግማሽ ሥራ ስላላት ሁለቱ ተደምረው እንደ አንድ ሙሉ ይቆጠሩላት እንደ ሆነ ጠየቀች። ወጣቱ ሠራተኛ፣ «አሠሪዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ሰዓቶቹ አይደመሩም» አላት። ድካሙ ተደምሮባት እንዴት ነው ታዲያ ሰዓቱ የማይደመረው ብትለው ቀና ብሎ አያትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እውነቱን ልንገራችሁ፣ እህቶቼ። የሰዓቱን ገደብ የሚያነሳ ማሻሻያ ተዘጋጅቶ አልቋል። ሕግ አውጪ ዘንድ መሄድ አያስፈልገውም፤ የሚጠብቀው የዋና ዳይሬክተሩን ፊርማ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይፈርሙም?»

«ትንሽ አሟቸው ቤት ናቸው።»

ደረጃውን ወረድን። ከታች ስንደርስ ፉጨት መሳቅ ጀመረች። ጋሼ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለዚህም ውለታዎ አለብን። የጋሼ ልጅም ሳቀች። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሦስታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ማናችንም የሌላችንን ፊት ማየት አልቻልንም።

አሁን ስላለንበት ሁኔታ ማወቅ ቢፈልጉ፣ ፉጨት አገግማ ሥራዋ ላይ ናት። ብቻ ማንንም በእጇ አታጎርስም። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና እስከ በሩ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ከዚያ ሆና «በሉ እንጂ» ትላቸዋለች። እጃቸው የማይታዘዛቸውን የማጎርሰው እኔ ነኝ፤ ከፈረቃዬ በኋላ፣ የማይቆጠር ሰዓት አድርጌ። ምክንያቱን የማያውቁት አዛውንቶች ኮራችብን እያሉ ያሟታል። አንዷ እማማ እንዲያውም ምን አስቀይመናት ይሆን ብለው ሹራብ ሠርተው ሰጧት። ያን ሹራብ ይዛ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትገባ የነበረውን ፊቷን ክቡርነትዎ ስላላዩት ዕድለኛ ነዎት።

ልመናዬ አጭር ነው። ጤናዎ ተመልሷል ተብሏል፤ እጅዎም እንደ ጋሼ ሾፌሩ እንደማይንቀጠቀጥ ተስፋ አለኝ። ይፈርሙ። ለሞቱት አይደርስም፣ ለፉጨትም ያለፈውን አይመልስላትም፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ብርድ እየመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ የሰዓት ገደብ አያውቅም።

ለሰጡን ልኬት፣ ለላኩልን ሥዕል፣ ከመስኮት መስኮት ላዞሩን ሠራተኞች ሁሉ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ መንበርዎ ይጽና፣ ብርድ ልብስዎ ይሙቅ እያልኩ እጅ እነሣለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ፣
የአረጋውያን ቤቱ የሦስተኛ ፎቅ የጠዋት ጽዳት ሠራተኛ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከቢሮዎ ስንወጣ ኮሪደሩን የምትወለውል አንዲት እናት አግኝተን ሰላም አልናት። በኤጀንሲ የተቀጠረች፣ ግማሽ ቀን የምትሠራ ናት። ክፉኛ ታስላለች። ለምን ቤትሽ አትቀመጪም ብንላት እንደ ሞኝ አየችን። የዳይሬክተሩን ጠረጴዛ፣ የስልካቸውን እጀታና የሻይ ስኒያቸውን በየጠዋቱ የማጸዳው እኔ ነኝ ብላናለች። በጣም ታከብርዎታለች፤ ስኒውን ትንፋሿን እፍ እያለች ነው የምትወለውለው።