ከድሬ የተመለሰው በገና

ለምወድህ ልጄ ለወንድምአገኝ፣

እንደምን ሰነበትክ ልጄ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? እጅህስ እንዴት ሆነ? ሙቀት ቁስል ያመረቅዛል ሲሉ ሰምቼ የድሬን ፀሐይ መፍራት ጀምሬአለሁ። ምራቴ ሐመልማልስ እንዴት ናት? የልጅ ልጄ ኤፍራታስ? እኔ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ ጠንቶ ጉልበቴን ያዝ ያደርገኛል እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለኝም። ስንዴውም ገብቷል።

በስልክ መናገሩ ስላልሆነልኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ስትደውል፣ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ጣቴን ትንሽ ነው» ትልና ወሬውን ወደ ስንዴው ታዞረዋለህ። እኔም የሰማሁትን እንዳልሰማ ሆኜ ስለ ኮምባይነር አወራልሃለሁ። ፊደል ካንተ ደብተር እየሰረቅሁ የተማርኩ ሴት ነኝና ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

ሐመልማል ነግራኛለች። አትቆጣት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኳት። የማሽኑ ድምፅ ተለወጠብኝ ብለህ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ዕቃው ማለቁን በጆሮህ አውቀህ፣ በእጅህ ልታረጋግጥ ስትዳስስ ቀበቶው እጅጌህን ይዞ ጎተተህ አለችኝ። ሌላው የማይሰማውን ስለምትሰማ ሠራተኞቹ «ሐኪሙ» እያሉ ይጠሩህ እንደነበር አንተው እየሳቅህ ነግረኸኝ ነበር። የግራ እጅህ ሦስት ጣቶች መሄዳቸውን፣ ከማሽን ክፍሉ አንስተው ቢሮ እንዳስቀመጡህም ነገረችኝ። እዚህ ሰው ሁሉ፣ «ቀኝ እጁ ተርፏል፣ ይጽፍበታል፣ ተመስገን በይ» ይለኛል። እኔም ተመስገን እላለሁ። በገና በግራ እጅ እንደሚደረደር ግን ለማን ልንገር?

ሾፌሩ ዲሪባ ከድሬ የጫነውን ጨው እንኳ ሳያራግፍ ነው ወደ ቤት የመጣው። መኪናውን በር ላይ አቁሞ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ሲገባ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። «እማማ፣ ለሚደረድርበት ሰው ይስጡልኝ ብሏል። እንዳያለቅሱም ብሏል» አለኝ። ሌላስ ብለው፣ «ሌላ አላለም። እኔማ ሬሳ የጫንኩ መስሎኝ መንገዱን ሁሉ ዘፈን ሳልከፍት መጣሁ» አለ። ከዚያ ካፉ የወጣው አስደንግጦት ጫማውን ያይ ጀመር። ምስኪን፣ ምሳ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

ብርድ ልብሱን ስፈታው የበገናህን እንጨት ከማየቴ በፊት ሽታው መጣብኝ። በየዓመት ፈቃድህ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ስትፍቀው፣ መቃኛዎቹን እዚያ ፋብሪካ በቶርኖ ማሽን ቀርጸህ በካልሲ ጠቅልለህ ስታመጣቸው ታየኝ። የፋሲካው በግ ታርዶ ሌላው ዱለት ሲከትፍ እኔና አንተ ለአውታር የሚሆነውን አንጀት ይዘን እንቀር ነበር። እኔ አጥቤ በቢላ ጀርባ ስልጠው፣ አንተ ከቋሚ ወደ ቋሚ ወጥረህ ስትገምደው ይመሻል። «እማዬ፣ ፋብሪካ ውስጥ የምጠግነው ሁሉ የሌላ ሰው ሐሳብ ነው። የኔ ይሄ ብቻ ነው» ያልከኝ እጅህ በሞራ እንደተለወሰ ነው።

እኔ ሞኟ ደግሞ አጠፋሁ። ከቆላ የመጣ እቃ ነው፣ የአሰላ ብርድ ይከብደዋል ብዬ እንደ እንግዳ ከከሰሉ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ ጎመን ስቀነጥስ «ጧ» አለ። ብዙም ሳይቆይ ደገመ። ሁለት አውታር ደርቆ ተበጥሶ ተንጠለጠለ። አታልቅሺ ያልከኝን ያኔ ነው ያፈረስኩት።

የተበጠሰ በገና ሰጥቼ ስምህን አላስነሳም ብዬ አንጀት ፍለጋ ወጣሁ። ጾም ስለሆነ ከኛ ቤት በግ የሚያርድ የለም። ጎረቤታችን ነቢላ ግን ልጇን ሙቢናን ልትድር ስላሳረደች እሷን ለመንኳት። «አንቺ ተሻለች፣ ሥጋችንን አትበሉም፣ ጭራሽ በጾም አንጀታችንን ልትወስጂ መጣሽ? እንዲህ ጠናብሽ እንዴ?» ብላ የሰርጉን ሴቶች ሁሉ አሳቀችብኝ። ምክንያቱን በጆሮዋ ስነግራት ሳቋን ዋጠች። የሰርግ ልብሷን ሰብስባ፣ እንግዶቿን ትታ፣ ከኔ ጋር ተቀምጣ አጠበችው። መገመዱ እንዳንተ አልሆነልኝም፣ አንዱ ትንሽ ይጎረብጣል።

በገናውን የሚፈልገው ከሁሩታ የመጣው መምህር በእውቀቱ ነው። እዚያ ቤተ ክርስቲያን በገና ያስተምራል። አውታሩ ከሙስሊም ቤት እርድ መሆኑን ሳልነግረው ብቀር ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነገርኩት። «እትዬ ተሻለች፣ ሊደረደር እንጂ ሊበላ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቃኝቶ ደረደረው። እኔ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ። ድምፁ ያው ነው፣ አመታቱ ግን ያንተ አይደለም።

የእጅህን ነገር ሲሰማ፣ አውታሮቹን ገልብጦ ቃኝቶ በቀኝ እጅ መልመድ እንደሚቻል ነገረኝ። «ግን እንደ ሕፃን ከሀ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ የገዛ ጆሮው ይጠላዋል» አለ። ይህን የምጽፍልህ ልለምንህ አይደለም። ሰምቼ ብደብቅህ ሁለተኛ በደል ስለሚሆንብኝ ነው።

የመጀመሪያውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አባትህ ገብረወልድ ባረፈ ዓመት የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ተቀብሎህ ሳለ፣ የንስሐ አባታችንን ይዤ መጥቼ እግርህ ላይ ወደቅሁ። በገና ጦም ያሳድራል፣ ኢንጂነር ሁንልኝ አልኩህ። ሆንክልኝ። ጣራዬን ቀየርክ፣ ዓይኔን አሳከምክ፣ አንድ ቀን እንኳ አልወቀስከኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ሰው «ማሽን በላው» ሲል አንገቴን እደፋለሁ። ወደ ማሽኑ ማን እንደላከህ አውቃለሁና።

ስለዚህ ዛሬ አልመርጥልህም። ልቤ ደብቂው፣ አትስጪው ይለኛል፣ አልሰማውም። መምህሩ በልደት ማግስት መጥቶ ሊወስደው ተቀጣጥረናል። ስጪ ካልከኝ በገዛ እጄ አሸክመዋለሁ። አስቀምጪው ካልከኝ ይቀመጣል፣ ተደረደረ አልተደረደረ ብዬም አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ በሾፌር አትላክብኝ። እሺም ሆነ እምቢ፣ ካንተው አፍ ልስማው። ብታለቅስም ስልኩን አትዝጋው፣ እኔም አልዘጋውም።

ነቢላ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ሙቢና ከባሏ ጋር አቦምሳ ገብታለች። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ዲሪባ ነውና የዚያን ቀን ምሳውን አብሉልኝ። ሐመልማልን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፣ ከኔ ሳትደብቅ ብቻዋን ስላልተሸከመችው አመስግንልኝ። ኤፍራታ ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ባየች ቁጥር፣ «አባዬ፣ ምን ይዘህልኝ መጣህ?» እያለች እንደምትጠብቅ ሰምቻለሁ። አውጣና አሳያት ልጄ፣ ልጅ አባቷን አትጸየፍም። ጉንጯንም በዚያው እጅህ ዳስስልኝ።

እናትህ ተሻለች

አሰላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.