ቡርቃ ቱሳ ጠፍ አልነበረም

ቡርቃ ቱሳ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ያደርግሃል? ሳሉስ ለቀቀህ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባም በአካል ደህና ናቸው፤ አሰላ ከቤታቸው ተቀምጠዋል። ከእኔ ጋር ግን አንነጋገርም። ምክንያቱን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ሰላምታውን እዚህ ላይ ላቁመው። ተናድጄብሃለሁና ከዚህ በላይ ብደረድርልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ባለፈው ክረምት ከላቫል የጻፍኸውን ታስታውሳለህ? በወንዝ ዳር የቆመ ትልቅ ግንብ ያለበት ፖስት ካርድ አብረህ ልከህ ነበር። የፈረንሳይዋ ከተማ ላቫል፣ የገዟትም ባላባቶች ላቫል ይባሉ ነበር አልህ። ርስቱን የሚወርስ ሁሉ፣ ከሌላ ቤት የመጣ አማች እንኳ ቢሆን፣ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ጥሎ ‹‹ጊ›› ይባል ነበር እያልህ አደነቅህ። በዚያ ብትተወው ምን ነበረበት? አልተውኸውም። ‹‹እዚህ ሁሉም ሰው ገብረ መድህን እያለ በአባቴ ስም ነው የሚጠራኝ። አያታችን የያዙት አገር ግን እስከ ዛሬ በጭሰኛ ስም ይጠራል፤ ለቤታችን ነውር ነው። አባባ፣ ቡርቃ ቱሳን ገብረ መድህን ከተማ ይበሉትና እኔም ስመለስ እንደ ላቫሎቹ ከነአገሬ ልጠራ›› ብለህ ጻፍህ።

የአባባ ዓይን ደክሟል። ደብዳቤህን የማነብላቸው እኔ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹‹ያቺን የላቫሏን አምጪና አሰሚን›› ይሉኛል። እንግዳውም ‹‹ልጅ ይውጣልዎ!›› ይላል። እኔ እንደ ቀልድ ይዤው ነበር። ኅዳር ላይ አሰላ ተሠርቶ ያለቀ፣ ‹‹ገብረ መድህን ከተማ›› የሚል ታፔላ በመኪና ተጭኖ ወደ ጎበሳ መንገድ ሲሄድ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ።

በሬ ታርዶ፣ አገር ተጠርቶ፣ አባባ ቆመው ‹‹ከዛሬ ጀምሮ ይህ አገር ገብረ መድህን ከተማ ነው›› አሉ።

ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት መሆኑን ላንተ አልነግርህም። ምንጩን ያገኘው የጭሰኛችን የቱሳ አያት ነው፤ ቱሳ የሚለው ስሙም ከሱ ወደ ልጅ ልጁ መጣ። አያታችን እንኳ አገሩን ሲይዙ ምንጩንና ዙሪያውን ለዚያ ቤት ትተውለት ነበር። ልብ በል ወንድሜ! አገርና ቤተሰብ በአንድ ስም ሲጠሩ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግህም ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያደግኸው። ፈረንሳይ ሲሆን ክብር፣ አርሲ ሲሆን ነውር የሆነብህ በምን ምክንያት ነው?

ቱሳ ከሰዉ መካከል ወጣና በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ‹‹ግራዝማች፣ ይሄን ሰሌዳ እኔ አላነበውም፣ ከብቶቼም አያነቡትም። ውሃው ግን ስሙን ያውቃል፤ ይተዉልን›› አላቸው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው። አባባ ደማቸው ፈልቶ ‹‹እንግዲያውስ አንተም እንደ ላቫሎቹ ስምህን ትለውጣለህ። ክርስትና ትነሣና በቤቴ ስም ትጠራለህ፤ እምቢ ካልህ ትለቃለህ!›› አሉ። ቱሳም ‹‹ስሙ የኔ አይደለም፤ የአያቴ አደራ ነው። አደራ አይለወጥም›› አለና ወደ ቤቱ ገባ። ከሥጋው አልቀመሰም።

ጥር ላይ፣ ገብሱ ገና ከአውድማ ሳይነሣ፣ የአባባ ሰዎች ተልከው የቱሳን ቤት ክዳን አወረዱት። ክምሩን ከብት ለቀቁበት። የደረስሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ሚስቱ አደ ዘይቱና የወተት ዕቃዋን ታቅፋ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ስታየኝ ‹‹ልጄ፣ ብርድ ነው፤ ነጠላሽን ደርቢ›› አለችኝ። ለኔ! ያን ቀን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እነሱ ጎበሳ ዘመድ ቤት ተጠጉ። አባባ ደግሞ መሬቱ ከጥንት ሰው ያልሰፈረበት ጠፍ ነው ብለው በስማቸው ሊያጸኑ አመለከቱ። ሲሶ ሲያስገባ የኖረ ጠፍ መሬት ሰምተህ ታውቃለህ? ቱሳ አሰላ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ምስክር ቢፈልግ አገሬው ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን ጠፋ። ጎረቤታቸው ጅብሪል እንኳ፣ ከምንጩ ሲጠጣ ያደገው ጅብሪል፣ ‹‹ልጆች አሉኝ›› አለ። አልፈረድሁበትም።

እኔ እሄዳለሁ አልሁ። አባባ ‹‹ከዚህ በር ለዚያ ነገር ከወጣሽ አትመለሺበትም›› አሉኝ። ወጣሁ።

የአባባ ነገረ ፈጅ አፈ ጮማ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ጭስ ወጥቶ አያውቅም እያለ ብዙ ተናገረ። ዳኛው ወደኔ ዞረው ‹‹የግራዝማች ልጅ አይደለሽም ወይ? በአባትሽ ላይ ልትመሰክሪ ነው?›› አሉኝ። አባባ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ያሰብሁት ሁሉ ጠፋብኝና ‹‹ጌታዬ፣ መሬቱ ጠፍ ከነበረ ወንድሜ የማንን ጡት ጠብቶ አደገ?›› አልሁ።

ዳኛው አስረጂ አሉኝ፤ አስረዳሁ። እማዬ አንተን ወልዳ ማረፏን፣ አባባ ራሳቸው በጋቢ ጠቅልለው ወደ ቱሳ ቤት እንደወሰዱህ፣ እየሮጥህ እስክትጫወት እዚያ መኖርህን፣ አፍህን ስትፈታ መጀመሪያ ‹‹አዮ›› ማለትህን፣ እሱም በኦሮምኛ እናቴ ማለት መሆኑን ተናገርሁ። ነገረ ፈጁ ሊመልስ ሲነሣ አባባ በእጃቸው ከለከሉት። ከዚያ ተነሥተው ወጡ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም አልቀረቡም። ዳኛው ምንጩንና ዙሪያውን ለቱሳ መለሱ። ሰፊው እርሻ እንደነበረ በኛ እጅ ቀረ፤ እሱን ሲነካ ያየሁት ዳኛ የለም።

ክዳኑን ጎረቤት ተሰብስቦ መለሰው። እኔም መግቢያ ሳጣ አደ ዘይቱና ‹‹ነይ›› አለችኝ፤ ከነሱ ጋር ነው ያለሁት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካንተ ሌላ ደብዳቤ መጣ። የታፔላውን ፎቶግራፍ ላኩልኝ ትላለህ። ለአባባ፣ ለጎረቤቱ፣ ለነፍስ አባታችን፣ ለበቅሎዋ ሳይቀር ሰላምታ ልከሃል። ለዘይቱና የለም። ደጋግሜ ፈለግሁ፤ የለም።

እንግዲያው አንድ ነገር ልጨምርልህ። ያኔ እኔ ነፍስ አውቄ ነበር። እማዬ ያረፈችበት ዓመት ከብት ያለቀበት ዓመት ነው፤ የላም ወተት በአገሩ አልነበረም። ዘይቱና ፋጡ የምትባል ገና ያልዳኸች ልጅ ነበረቻት። ዘይቱና ራሷ ጦሟን ነበር የምታድረው። በዚያ ክረምት አንተ ወፈርህ።

ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ትንሽ የድንጋይ ክምር አለች። እላይዋ ላይ እየወጣህ ትጫወት ነበር። ቱሳ መጥቶ ያወርድህ ነበር እንጂ ተቆጥቶህ አያውቅም። አሁን ልጅ አይደለህም፤ ለምን እንደሚያወርድህ አስበው።

ትናንት ስጽፍልህ አይታ ‹‹እዚያ አገር ጠግቦ ይበላል ወይ?›› ብላ ጠየቀችኝ። ይበላል አልኋት። ‹‹ስለኔስ ጠየቀ?›› አለች። ጠይቋል አልኋት። ፍርድ ቤት ምዬ ያልዋሸሁት ሴት ላንተ ስል ዋሸሁ። ውሸቴን እውነት ማድረግ ያንተ ፋንታ ነው።

‹‹በሰው አገር አይታመም፤ የሄደበት መንገድ ይመልሰው፤ ልጅ ወልዶ ይሳም›› ብላሃለች። ይህ የሷ ምርቃት ነው። እኔ ገና ልመርቅህ አልቻልሁም።

እህትህ