የአባወራ ድርሻ

ጥቅምት 13

ከመገናኛ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፤ ድሃ አይዝም» አለቻት። የምርመራ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቤት እንደገባሁ ሀብቱን ፈለግሁ። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ፣ አልጋ ሥር አየሁ። የተሰበረ ጃንጥላ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ የአሥር ዓመት የመብራት ደረሰኝ። ምናልባት በሽታው ቀድሞ ደርሶ፣ ሀብቱ መንገድ ላይ ይሆናል...

ጠዋት የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ፊቷን ሳትቀይር ነው የምትናገረው።

«ከዓይንዎ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ደም ሥሮች መድማት ጀምረዋል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«አራሚ ነኝ። ማተሚያ ቤት።»

«ማለት?»

«ሌላ ሰው የጻፈውን አንብቤ ስህተቱን አወጣለሁ።»

ካርዴ ላይ ጻፈች። ከዚያ ጣፋጭ በሙሉ ያቁሙ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ክኒኑን ይዋጡ፣ ጥር ላይ ይመለሱ አለችኝ። «ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን። የጠፋ ዓይን ግን በመርፌም አይመለስም።»

ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ከማንበብ በቀር የምችለው ነገር የለም። ሚስማር እንኳ ስመታ አውራ ጣቴን ነው የማገኘው። ዓይኔ ከሄደ ምን እሆናለሁ?

ጥቅምት 14

ለቤተሰቡ ነገርኩ። ባለቤቴ እታገኝ አለቀሰች። አማቴ እማማ የማርያምወርቅ አፋቸው ላይ የመጡትን ቅዱሳን በየስማቸው ጠሩ። ልጄ ርሆቦት ስልኳን አየችና «አይዞህ አባዬ፣ ማኔጅ ይደረጋል» አለችኝ።

ርሆቦት ወሰን አካባቢ ኬክ ቤት ትሠራለች። ማታ ሲዘጋ ሳይሸጥ የቀረውን ሠራተኞቹ ይካፈሉታል። ስለዚህ ይህ ቤት ላለፉት ሁለት ዓመታት ከእራት በኋላ ኬክ የሚበላ ቤት ነው። ቤተ መንግሥት እንኳ በየቀኑ አይመስለኝም።

አልቅሰን ስንጨርስ ካርቶኑ ተከፈተ። አራት ሰሃን መጣ። አራተኛው የእኔ ነው።

ጥቅምት 17

እሑድ። ጉዳዩን በሰላም ልጨርሰው ብዬ ከእማማ ጋር ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ለእኔ አይቁረጡልኝ። በሽታዬ እኮ ስኳር ነው።»

«አትብላው። ማን ብላ አለህ?»

«ታዲያ ለምን ይቀመጣል?»

«ድርሻህ ነዋ።»

«የማልበላው?»

«ልጄ፣ የአባወራ ድርሻ የሚነሳው ሲሞት ነው። በቁምህ ላንሳብህ?»

እታገኝ ከጓዳ ሆና «ኧረ በስመ አብ!» አለች። በእኔ ነው የተቆጣችው ወይስ በእናቷ? አልገባኝም።

የዚህ ቤት ሕግ ከእኔ በፊት የነበረ ነው። ማንኛውም የሚበላ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የአባወራው ይቆረጣል፤ ከዚያ ነው ሌላው የሚነካው። እማማ ባላቸው ጎጃም ለሥራ በሄዱባቸው ሰባት ዓመታት በየቀኑ ድርሻቸውን ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ያቆሙት የቀበሯቸው ዕለት ነው። ድርሻው አይጣልም፤ ግፍ ነው። ለጎረቤትም ለለማኝም አይሰጥም፤ የቤቱ በረከት ይወጣል። ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በሌላ ሰሃን ተከድኖ ይቀመጣል።

ሥራዬ ትርፍ ነገር መሰረዝ ነው። ሠላሳ ዓመት ስሰርዝ ኖሬ አንድ ቁራጭ ኬክ መሰረዝ አቃተኝ።

ጥቅምት 22

ዛሬ ባቅላባ። አልነካሁም። ዘጠኝ ቀን።

ጥቅምት 27

አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ተደብቀው መብላት ጀመሩ። ይኼ ባሰ። ድሮ ኬክ ማየት ብቻ ነበር፤ አሁን የፌስታል ኮሽታ፣ ሹክሹክታ፣ «መጣ መጣ!»... በገዛ ቤቴ ስገባ እንደ ፖሊስ ነው የምገባው። እማማ አፋቸው ሞልቶ «እንዴት ዋልክ?» ሊሉኝ ሲሞክሩ ትን አላቸው። ጀርባቸውን የመታሁት እኔ ነኝ።

«ግልጽ አድርጋችሁ ብሉ» አልኳቸው። በሉ።

ድርሻዬ ግን ግልጽም ሆነ ስውር ከቦታው አይንቀሳቀስም። ዜና የማየው በሰሃኑ አናት በኩል ነው። ከክዳኑ ሥር የሾለከች ክሬም አለች። ዋጋ ግሽበት፣ ድርቅ፣ ክሬም።

ኅዳር 5

ጠዋት ጠዋት ከቤታችን በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ አድርጌ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ሐኪሟ ባለችው መሠረት። የሚሮጡ ወጣቶች «አይዞን ፋዘር!» እያሉ ያልፉኛል። ከላይ ከተማው በሙሉ ይታያል። አንዱን ቆርቆሮ ጣሪያ የእኛ ነው ብዬ ለየሁት። ከዚህ ርቀት ውስጡ ኬክ ያለ አይመስልም። መውረድ አልፈለግሁም... ግን የት ይኬዳል?

ምሳ ላይ ለጠሀ ነገርኩት። የማተሚያ ቤታችን ገጽ አቀናጅ፣ የሃያ ዓመት ባልደረባዬ።

«ስማ ልደቱ፣ ቤት ቀይር።»

«የምን ቤት?»

«እኛ ጋ ና። መሪ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሚስቴ ሀናን ሆዬ ለእንግዳ ሻይ እንኳ በግድ ነው የምታፈላው። በሳምንት ትድናለህ።»

ሳቅን። ማታ ግን አልጋ ላይ ሆኜ ከልቤ አሰብኩበት። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቶት ከኬክ ሸሽቶ ከቤቱ የወጣ ሰው። ምክንያቱን ለሽማግሌ እንዴት ያስረዳል?

ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ። ስጠብቀው ነበር። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፤ ኬክ ከምን ይሠራል? አርባ ሦስት ቀን ዕረፍት ብዬ ደስ ብሎኝ ተነሳሁ።

ማታ ርሆቦት ካርቶን ይዛ ገባች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጾም ኬክ ነው አባዬ። በዘይት። ስኳሩን ጨመር አድርገውበት ከፍስኩ ይጣፍጣል!»

እማማ ቀመሱና «የጾም ከሆነ ምንም አያደርግም» ብለው ፈረዱ። የእኔን ከወትሮው ሰፋ አድርገው ቆረጡ። ጾም ነዋ።

ስለ ጥንት መነኮሳት ብዙ አንብቤያለሁ። በረሃ ወርደው፣ ዋሻ ገብተው ከሆዳቸው ጋር ተዋጉ። ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ግን አንዳቸውም ኬክ ቤት የምትሠራ ልጅ አልነበረቻቸውም።

ኅዳር 23

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሟል። ድርሻዬ ማታ ይቀመጣል፤ ጠዋት ሰሃኑ ባዶ ነው፣ ታጥቦ ተደፍቷል። አይጥ ነው ብዬ ነበር። ሰሃን የምታጥብ አይጥ።

ዛሬ ርሆቦትን ጠየቅኋት።

«እማዬ ናታ! አታውቅም እንዴ?»

«የእኔን?»

«የራሷንም ያንተንም። አያቴ 'የባል ድርሻ የሚስት ነው' ብላታለች። አይጣል፣ አይሰጥ... ታዲያ የት ይግባ?»

እንግዲህ እንዲህ ነው። እኔ በቁርጥ የተውኩት እታገኝ ዘንድ እጥፍ ሆኖ ይገባል። ማታ ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትበላው። ቀስ እያለች፣ እስከ ፍርፋሪው። እንዲህ የሚጣፍጠው ሰው አይቼ አላውቅም። በእኔ በሽታ የሠርግ ድግስ ደረሳት። አላመሰገነችኝም።

ቀናሁ። መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ይኼን ደብተር ማንም አያየውም።

ታኅሣሥ 4

ወደቅሁ።

ርሆቦት የረሳችውን ቁልፍ ላደርስላት ወሰን ሄጄ ነበር። ስመለስ ጋራዦቹ ጋ አንዲት ሴት ቦምቦሊኖ ትጠብሳለች። ሦስት ገዛሁ። ለማን? ለማንም። ሞተሩ የወለቀ አንድ ሚኒባስ ከኋላው ገብቼ ቆሜ በላሁ። ሦስቱንም። አንድ መካኒክ ከመኪና ሥር ተኝቶ እያየኝ ነበር። «ምሳ ነው ጋሼ?» አለኝ። «ምሳ ነው» አልኩት።

ቤት ስገባ እታገኝ ፊቴን አየችና በነጠላዋ ጫፍ ጢሜን ጠረገችልኝ። ስኳር። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 5

ጠዋት ፊደሎቹ ዋኙ። «ሀ» ነው «ሐ» ነው ብዬ ወረቀቱን ወደ መስኮት ወሰድኩት። ግራ ዓይኔ ጥግ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። እሱ ነው? በሦስት ቦምቦሊኖ? ፈራሁ። ጠሀ ሳልነግረው የማርመውን ገጽ የፊደል መጠን አንድ ነጥብ አሳደገልኝ። «ለውበት ነው» አለ።

ከዛሬ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ የታክሲ ብር ብቻ።

ታኅሣሥ 16

ጭጋጉ ለቀቀኝ። ወይስ ለመድኩት? ኬክ፣ አልነካሁም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዶሮው በልኩ፣ እንጀራው በልኩ፤ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ የፍስክ ኬኩ መጣ። ርሆቦት ሙሉ ኬክ ነው ያመጣችው፣ ዛሬ የተረፈ አይደለም፣ በራሷ ደመወዝ። ድርሻዬ ተቆረጠ፣ ተከደነ። አበቃ ስል እማማ ቆርሰው በእጃቸው ወደ አፌ ዘረጉ።

«እማማ፣ አልችልም እኮ...»

«በዓመት በዓል እጄን ልትመልሰው? ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ለከርሞ ማን ያጎርስሃል?»

 ክሬሙ በጣታቸው ይወርዳል። ሁሉም ያየኛል። አፌን ከፈትኩ። የሰማንያ ሁለት ዓመት እጅ እንዴት ይመለሳል?

አልዋጥኩትም። እንደያዝኩት «አየር ልውሰድ» የሚል ምልክት አሳይቼ ወጣሁና ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ተፋሁት። አፈር አለበስኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁትን ተፍቼ አላውቅም። ይቅር በለኝ አልኩ፤ ማንን እንደሆነ እንጃ። ስመለስ በመስኮቱ እታገኝን አየኋት። የራሷን ጨርሳ ሰሃኔን ከፍታለች። ጨፍናለች። አንድ ጊዜ ቆም አለች፣ ውሃ ጠጣች፣ ቀጠለች።

እዚህ ቤት ሁሉም ይበላል፤ እኔ እቀብራለሁ።

ጥር 14

ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። የሦስት ወሩ አማካይ ከአሥር ወደ ስድስት ነጥብ ስምንት ወርዷል። ዓይኔን ሌላ ክፍል አዩልኝ፦ መድማቱ ቆሟል። መርፌ የለም። «እንዴት አደረጉት?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። በትምህርት ቤት አንደኛ ስወጣ እንኳ እንዲህ አልተሰማኝም።

ቤት ስነግራቸው እልልታ ሆነ። ርሆቦት ወጣ ብላ ተመለሰች። ደስታችንን ለመግለጽ ምን እንዳመጣች መጻፍ ያስፈልጋል? አናቱ ላይ በቸኮሌት «ጎበዝ አባዬ» ይላል። ድርሻዬ «ጎበዝ» የሚለው ነበር። ተከደነ። ከእራት በኋላ እታገኝ በላችው። ሳቅሁ እንኳ። አሸንፌያለሁ፤ ብትበላስ?

ጥር 18

እሑድ። ከቅዳሴ ስንወጣ ከመንገዱ ዳር ድንኳን ተተክሏል። ነጻ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ። ሰው ፊት ቁጥሬን ለማሳየት ቸኮልኩ፤ መቼስ ለምን እዋሻለሁ። እታገኝን እጇን ይዤ ጎተትኳት።

«እኔ ምን አለብኝና?»

«አጅቢኝ እንጂ።»

ቁርስ አልበላንም። የእኔ 104። የጤና ሠራተኛዋ፣ ነጭ ጋወን የለበሰች ልጅ እግር፣ «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ታካሚ ያብዛልን!» አለች። ዞር ብዬ ሰልፉን አየሁ። ሰምተዋል።

ከዚያ እታገኝ። ልጅቷ መሣሪያውን አየች፣ አራገፈችው፣ የእታገኝን ሌላ ጣት በአልኮል ጠርጋ ወጋች።

«እናቴ፣ በልተው ነው የመጡት?»

«ኧረ ከቅዳሴ መውጣቴ ነው። ውሃም አልቀመስኩ።»

መጀመሪያ 287። ሁለተኛው 291።

«ውሃ ውሃ ይልዎታል? ሌሊት ይነሳሉ?»

«እነሳለሁ... እርጅና ነው ብዬ።»

ስትነሳ ሰምቻት አላውቅም። ከጎኗ የምተኛው እኔ ነኝ።

ልጅቷ ወረቀት እየጻፈች፣ ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ አይቆይ አለች። ደግሞ ጠየቀቻት፤ «ጣፋጭ ያዘወትራሉ አይደል? ይወዳሉ?»

እታገኝ እኔን አየችኝ። ልጅቷን አይደለም።

«እኔ? አልወድም» አለች። «ጣፋጭ ነገር ወድጄም አላውቅ።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ሁሉም ሰው እንዲህ የሚላት ይመስለኛል።

ወደ ቤት ወጣን። እጇን እንደያዝኳት ነበር። አሁን ማዶ ተቀምጣ ጣቷ ላይ ያለውን ጥጥ ታያለች። እኔ ዓይኗን የምትጨፍነው ጣፍጧት መስሎኝ ነበር።

በተጋባን በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ እታገኝ ቡናዋን ያለ ስኳር ነው የጠጣችው።