ቀዩን መስመር ያላየው ወንድሜ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ለአቶ እንዳላማው
ደብረ ማርቆስ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? በኮሪደርዎ ተሰልፎ እንደሚውለው ሕዝብ ሳይሆን፣ በወንበርዎ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ፍጹም ጤና እመኝልዎታለሁ። እኔ ሃኒ ፈንታዬ የግራፊክ ዲዛይን ተመራቂ ስሆን፣ ምስጋናዬን በአደባባይ እነሆ አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ጥቅምት ወንድሜ ድረስ ደም የሚፈሳትን ነፍሰ ጡር ሚስቱን እስከዳርን ከሮብ ገበያ ይዞ ሲደርስ፣ ዘበኛዎ ወለሉ ላይ የተቀባውን ቀይ መስመር ተከትሎ ወደ ማዋለጃ ክፍል እንዲሄድ ስለነገሩት አመሰግናለሁ። ድረስ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። በልጅነቱ የቀላውን በርበሬ ልቀም ሲባል እሸቱን እየለቀመ የተገረፈው በስንፍናው ሳይሆን በዓይኑ ምክንያት እንደነበር እኛም ያወቅነው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ከጎኑ የተቀባውን አረንጓዴ መስመር ቀዩ መስሎት ተከትሎ ከተዘጋው የክትባት ክፍል ደረሰ፤ ማዋለጃው መስሎት፣ በዚህ ቤት መጠበቅ ደንብ መሆኑን ስለሚያውቅም ሚስቱን አቅፎ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ። እስከዳር ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

፪. ከሐዘኑ በኋላ የመመረቂያ ሥራዬን በዚሁ ጉዳይ ላይ አደረግሁ። ከመረመርኳቸው አርባ ወንዶች ሦስቱ እንደ ወንድሜ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ለየክፍሉ በቀለም ብቻ ሳይሆን በቅርጽ የሚለይ ምልክት ነደፍሁ፤ ለማዋለጃው ልጅ ያቀፈች እናት፣ ከሥሯም ጉልህ ጽሑፍ። በነፃ ልቀባልዎ ስለምንዎት «ለሦስት ሰው ብዬ ግድግዳዬን አላበላሽም» አሉኝ። ግድግዳው የእርስዎ መሆኑን ስላሳወቁን እናመሰግናለን፤ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ይመስለን ነበር።

፫. ጥፋቱ ጠይቆ ያልሄደው የድረስ መሆኑንም በስብሰባ ላይ አስረዱልን። ወንድሜ ይህን ሰምቶ አንድ ሳምንት ከቤቱ አልወጣም።

ንድፌን ሌላ ጤና ጣቢያ ተቀብሎ አስቀባው። ድረስን ይዤው ሄድኩ። ማንንም ሳይጠይቅ ምልክቱን እያየ የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ደረሰ፤ እዚያው ቆሞም አለቀሰ።

ወንበርዎን በማክበር፣ የእስከዳርን ባዶ አንቀልባ ግን ባለመርሳት፣
ታዛዥዎ ለመሆን ያልታደልኩት
ሃኒ ፈንታዬ

ማስታወሻ፦ ቢሮዎ በመጣሁ ዕለት፣ አርባውን ወንዶች የመረመርኩበት፣ በአረንጓዴ ነጠብጣቦች መካከል በቀይ ነጠብጣብ የተጻፈ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሰጥቼዎት ነበር። አገላብጠው አይተው «ምንም የለበትም» ብለው መለሱልኝ። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከበሩ ላይ ሆነው በሹክሹክታ «ሰባት» ብለው አነበቡና እርስዎን ፈርተው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ክቡርነትዎም እንደ ወንድሜ ቀይና አረንጓዴ አይለዩም፤ ልዩነታችሁ እርስዎን እጅዎን ይዞ የሚያደርስ ዘበኛ መኖሩ ብቻ ነው።