ዝም አለ እንጂ አልሞተም

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ? ወገብህስ? ያቺ ደህነኛዋ እግርህ የሁለት እግር ሥራ እየሠራች አላማረረችም? የግራው ጉልበትህ ሥር ያለው ቁስል ጠገገልህ ወይስ አሁንም «ምንም አልልም» እያልክ እማዬን ታታልላታለህ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ሥራውም ቤቱም ደህና ነው፤ የቤት አከራዬ እንኳ ሰሞኑን ፈገግ ማለት ጀምራለች።

እማዬ በስልክ እንደነገረችኝ ከሆነ አሁን ፀጉር የምትቆርጠው ረጅም በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ነው አሉ። ደንበኛው ረዘም ያለ እንደሆነ አናቱ ላይ ስለማትደርስ ጎንበስ ይልልሃል፤ «ሚስቱን ይቅርታ የሚለምን ይመስላል» አለችኝ። እዚያው ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። ዕድሜህን ሙሉ ቆመህ የሠራህ ሰው ነህ። አሮጌው ሰው ሠራሽ እግር እንዲህ እየፋቀህ ከቀጠለ መቀሱን እንደምትሰቅል ለእሷ ነግረሃታል፤ ለእኔ ግን ትንፍሽ አላልክም። አንተ ደግሞ መቼ ትናገራለህ! የማያወራ ፀጉር አስተካካይ በዓለም ላይ አንተ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

እንግዲህ ዋናውን ወሬ ልንገርህ፤ አዲሱ እግርህ አልቋል። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ሾፌር እሱንም በካርቶን ይዞልሃል። ካርቶኑን ከመክፈትህ በፊት ግን እግርህ እንዴት ለጥቂት እንደተረፈ አንብብልኝ።

መጥተህ የተለካህ ጊዜ ጄሶ የለ፣ ሜትር የለ፣ በብርሃን ብቻ ዙሪያህን ስንቃኝህ ተገርመህ፣ ልኩ የት እንደሚቀመጥ ጠይቀኸኝ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ያለውን የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን አሳየሁህ። ሰርቨር ይባላል፤ የወርክሾፓችን ኮምፒውተሮች ሁሉ ያላቸውን የሚያስቀምጡበት ጓዳ በለው። አንተም አጎንብሰህ አየኸውና «እግሬ እዚህ ውስጥ ነው? በይ በደንብ አስቀምጪው፤ ደግሞ ለመለካት እንደሁ አልመጣም» አልክ። አውቶቡሱ ላይ ጉልበትህ አብጦ እንዴት ሆነህ እንደደረስክ በዓይኔ ስላየሁ፣ ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ያን ጊዜ በሳጥኑ ውስጥ የነበረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። በሆዱ እንደ ዘፈን ሸክላ ያለ ነገር ሲሽከረከር ይውላል ያድራል፤ መርፌ የመሰለች ነገር ደግሞ ሳትነካው ከላዩ እያንዣበበች ታነባለች፣ ትጽፋለች። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የእግር መቅረጫ ማሽናችን ሲነሣ ግን ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል። በሌሉበት «ጋሼ ጆሮ» የምንላቸው አለቃችን ጠዋት ጠዋት ከእኛ ሰላምታ በፊት ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ይለጥፋሉ። ኡርርር ካለ «ደህና አድሯል» ብለው ወደ ሻያቸው ይሄዳሉ። አንድ ጠዋት ግን ፊታቸው ተለዋውጦ ቀና አሉ፤ ሳጥኑ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር።

የኮምፒውተር ቴክኒሻን ተጠራች። አባዬ፣ ይቺን ሴት ብታያት! ሳትንጫጫ፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ በመጀመሪያ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳረፈች። «ማሽኑ ነው የሚያንገላታው፤ ይቺ መርፌ እዚህ ወለል ላይ እስካሁን መኖሯም ይገርማል» አለች። ከዚያ ዲስኩ ሳይሞት ያለውን ሁሉ እያባበለች ገለበጠችው። የአንተ ልክ ከመጨረሻዎቹ ጋር ሲወጣ እኔ ከኋላዋ ትንፋሼን ይዤ ቆሜ ነበር።

በእሱ ቦታ ኤስኤስዲ የሚባሉ ሁለት ማስቀመጫዎች አስገባች። ስስ ናቸው፤ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባሉ። የሚሽከረከር ነገር የላቸውም፣ የሚያንዣብብ መርፌም የላቸውም፤ በስልካችን ፎቶ እንደሚቀመጥበት ያለ ቺፕ ብቻ ነው። ማሽኑ ቢያናውጠው ምን ተዳው! አንዱ የያዘውን ሌላውም እኩል ይይዛል። አለቃችን ገበያ ላይ ያዩት ርካሽ ነበር፤ እሷ ግን ለሰርቨር ተብሎ የተሠራው ካልሆነ ብላ ድርቅ አለች። መብራት ድንገት ሲሄድ ይኸኛው ቋጥሮ በያዘው ጥቂት ኃይል በእጁ ያለውን ጽፎ ይጨርሳል አለችን። «አንዴ ተቀብያለሁ ካለ ቃሉን አያጥፍም» አለች። አለቃችን እሺ ብለው ገዙ፤ ሲገጠም ግን አሟቸው ቤታቸው ተኝተው ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ በበኩሌ ልክህን እንደነበረ አልተውኩትም። አሮጌው እግር የት የት እንደሚፍቅህ እማዬ እያወጣጣችህ በስልክ ስትነግረኝ፣ የላከችልኝን ፎቶም እያየሁ፣ ከጉልበትህ ሥር ያለውን ቦታ በኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት በጥቂት አሰፋሁት። ስጨርስ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ፤ ተቀምጧል አለኝ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ድርቅ አለ። ዞር ስል ጋሼ ጆሮ የሰርቨሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቅለው፣ በእጃቸው አንጠልጥለው ቆመዋል! ከሕመማቸው ተነሥተው መምጣታቸው ነበር። እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ቢለጥፉ ምንም ድምፅ የለም፤ «ይሄም ሞተ!» ብለው፣ ነቅዬ ብሰካው ይነሣ ይሆናል ብለው ነው።

ልክህ ጠፋ አልኩ። በዓይኔ የዞረው ያ አውቶቡስ ነው፤ እሱም አንተ እሺ ካልክ፣ እሺ እንደማትል ደግሞ አውቃለሁ። አዲሱን ልታይ መጥታ የነበረችው ቴክኒሻን ገመዱን ተቀብላ ሰካችው። ጠበቅን። ፋይልህን ስከፍተው ያሰፋሁት ቦታ እንዳለ፣ አንዲት መስመር ሳትጎድል ቁጭ ብሏል። አለቃችን በላብ ተጠምቀው ሳጥኑን «ይቅርታ፣ አላወቅኩህም» ሲሉት ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እሷም ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፈችና ለጠፈችበት፤ «ዝም አለ እንጂ አልሞተም» ይላል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትል የለ? ያንን ሳጥን ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንተ ነህ። አሮጌው ሲያጉረመርም ሥራ የበዛበት ይመስል ነበር፤ ይሄኛው ድምፁን ሳያሰማ ይሠራል፣ የሰጡትንም አይጥልም። ቴክኒሻኗ ግን አታምልኩት ብላናለች። በተጻፈበት ቁጥር እሱም ያልቃል፤ ሲሄድ ደግሞ ሳያቃስት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ምን ያህል እንደቀረው ራሱን ሳጥኑን እየጠየቀች ትከታተላለች፤ ሦስተኛ ግልባጭም ሌላ ሕንጻ ውስጥ አኑራለች። አባዬ፣ አንተስ? አንተን በየጊዜው የሚጠይቅህ አለ? ሲያምህ ተናገር እባክህ። ሳታቃስት ትሄድብኛለህ ብዬ እፈራለሁ።

አዲሱን እግር በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ አድርገህ ቁምበት፤ ከዚያ አውልቀህ ቆዳህን እይ። የቀላ ቦታ ካገኘህ ደውልልኝ፤ በእማዬ በኩል ሳይሆን አንተው ራስህ። የሚስተካከል ከሆነ ልክህ እዚህ አለ፤ ከቤትህ ንቅንቅ አትልም።

ታናሽ ወንድሜን ሳምልኝ፤ ያንን በርጩማ ከፀጉር ቤቱ አውጥቶ ይደብቅልኝ። አክስቴን ጉንጯን እያገላበጥክ ሳምልኝ፤ የጠየቀችኝን መነጽር ሾፌሩ ይዞላታል። እማዬን ደግሞ እጇን ሳምልኝና አንድ ነገር አድርግላት። እስከ ዛሬ በሩን የምትከፍትልህ ሳታንኳኳ ነው፤ አሮጌው እግርህ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ሲጥ፣ ሲጥ ሲል ሰምታ ትነሣለች። ይሄኛው ድምፅ የለውም። አባዬ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ጉሮሮህን ጠረግ አድርግላት፤ ገና አልመጣም ብላ ቁጭ እንዳትል።

ቆመህ ያገናኘን፤
ልጅህ

ከእግር መሥሪያው ቤት፣ ከሳጥኑ በላይ ካለው ጠረጴዛ፤
ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ።